ዘማቹ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፦ የሆስፒስ በጎ ፈቃደኛ ምን ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሆስፒስ፣ ማለትም ለሞት የተቃረበን በሽተኛ ሥቃዩን እያቀለለ የሚያስታምም ድርጅት፣ ከሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን ከሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ገንዘብ ለመቀበል በጎ ፈቃደኞች ሊኖሩት ግድ ነው። ሕጉ መጠኑንም ወስኖታል። በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡት ሰዓት፣ ተከፋይ ሠራተኞች ለታካሚዎች ከሚያውሉት ጠቅላላ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶ መድረስ አለበት። ሜዲኬር ከሚከፍላቸው የሕክምና ድርጅቶች መካከል ይህ ግዴታ ያለበት ሆስፒስ ብቻ ነው። በኮቪድ ጊዜ ቢታገድም ተመልሶ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ሆስፒሶች ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋሉ። ከቀድሞ ወታደሮች ጋር መቀመጥ የሚችል ሰው ደግሞ አብዝተው ይፈልጋሉ።

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በዳላስ ብዙ ወገኖቻችን በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር ይሠራሉ። የቬትናም ዘማች አጥባችኋል፣ አብልታችኋል፣ አልጋ ላይ አገላብጣችኋል። ወላጆቻችንም በዚሁ አገር እያረጁ ነው። እንደዚያም ሆኖ ስለ ሆስፒስ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው "ሰው ሊሞት ሲል የሚወሰድበት ቦታ" የሚለውን ብቻ ነው። ይህ አባባል ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። ስለዚህ ከመሠረቱ ልጀምር።

ሆስፒስ ሲባል

ዘመናዊው ሆስፒስ የተጀመረው በ1967 ለንደን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን የመጀመሪያውን ቤት ያቋቋሙት ሲሲሊ ሳውንደርስ ናቸው። መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ ሶሻል ወርከር፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነው ሠርተዋል። ሦስቱንም ሙያ ማየታቸው አንድ ነገር አስተማራቸው። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም። ፍርሃቱ፣ የቤተሰቡ ጭንቀት፣ ያልታረቀው ወንድሙ፣ በልቡ የያዘው ኃጢአት፣ ሁሉም አብሮ ያመዋል። ሞርፊን አንዱን ክፍል ያስታግሳል። ለቀረው ሰው ያስፈልጋል። ሐሳቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1974 በኮኔቲከት ሥራ ጀመረ። በ1982 ደግሞ ኮንግረስ ሜዲኬር ሆስፒስን እንዲሸፍን ሕግ አወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽታው የተለመደ አካሄዱን ከሄደ ታካሚው ከስድስት ወር በላይ ላይቆይ ይችላል ብለው ሁለት ሐኪሞች ያረጋግጣሉ። ታካሚው ወይም ሕጋዊ ተወካዩ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ሐኪም፣ ነርስ፣ ገላ የሚያጥብ ረዳት፣ ሶሻል ወርከር፣ ቻፕሊን (የመንፈሳዊ ድጋፍ ሰጪ) እና በጎ ፈቃደኛ ያሉበት ቡድን ይመደብለታል። መድኃኒቱ፣ የሆስፒታል አልጋው፣ ኦክስጅኑ ቤት ድረስ ይመጣል። ስድስት ወር ቢያልፍ ማንም አያስወጣውም። ሕመሙ አሁንም ለሞት የሚያደርስ መሆኑ በየጊዜው እስከተረጋገጠ ድረስ ይቀጥላል። ሐሳቡን የቀየረም በፈለገው ቀን መውጣት ይችላል። ከወጣ በኋላ መመለስም ይቻላል።

አብዛኛው የሆስፒስ እንክብካቤ የሚሰጠው በታካሚው መኖሪያ ነው። በራሱ ቤት፣ በልጁ ቤት ወይም በነርሲንግ ሆም። ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ነርሷ በሳምንት ጥቂት ጊዜ መጥታ ትሄዳለች። ስልክ ቢደወል ሌሊትም መልስ ይሰጣል። የቀንና የሌሊቱ ማስታመም ግን የቤተሰቡ ነው። ሚስት ሰማንያ ዓመት ሆኗት ባሏን ታገላብጣለች። ልጅ ከሥራ እየቀረ አጠገቡ ይቀመጣል። አንድ በጎ ፈቃደኛ ለሁለት ሰዓት መጥቶ ቢቀመጥ ያቺ ሚስት ገበያ ትወጣለች፣ ፀጉሯን ትታጠባለች፣ ወይም በሌላው ክፍል ገብታ ትተኛለች። ከበጎ ፈቃድ ሥራው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ወደ ሆስፒስ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በሜዲኬር በኩል ከሚገቡት ታካሚዎች ግማሹ የሚቆዩት ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ቤተሰብ "ተስፋ ቆረጣችሁ እንዳንባል" ይላል። ሐኪምም ለመናገር ያቅማማል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በሽታው ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለታማሚው ይደበቃል። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ እንደሚነገር ሁሉ ክፉ ዜናንም ቀስ አድርገን የመናገር ልማድ አለን። ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ ነው። እኔ ግን አባትን ማማከር እየተቻለ በአባት ስም መወሰን ትክክል አይመስለኝም። ብዙ በሽተኞች ያውቃሉ። ልጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው እነሱም ይደብቃሉ።

ወታደር ለምን የተለየ ይሆናል?

የአሜሪካ ሆስፒሶች ወታደሮችን ለይተው የሚያዩበት ፕሮግራም በ2010 ተጀመረ። "ዊ ኦነር ቬተራንስ" ይባላል። የሆስፒሶች ብሔራዊ ማኅበርና ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በጋራ ያቆሙት ነው። በዚያን ጊዜ ይነገር የነበረው ቁጥር አስደንጋጭ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሚሞቱ አራት ሰዎች አንዱ የቀድሞ ወታደር ነው ይባል ነበር። አብዛኞቹ የሚሞቱትም ከቪኤ ሆስፒታል ውጭ ነበር፤ ብዙዎቹም በየመንደሩ ባለ ተራ ሆስፒስ እጅ። ያ ሆስፒስ ሰውየው ወታደር እንደነበር እንኳ አይጠይቅም ነበር።

አሁን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች አልቀዋል ማለት ይቻላል። በጦርነቱ ካገለገሉት 16 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያን በሕይወት ያሉት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። የኮሪያ ዘማቾች ዘጠና ዓመትን ይዘዋል። ዛሬ በብዛት ሆስፒስ የሚገባው የቬትናም ትውልድ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰልፍ አልጠበቃቸውም። ብዙዎቹ የደንብ ልብሳቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ለሃምሳ ዓመት አላነሱትም። ልጆቻቸው እንኳ የማያውቁት ታሪክ አላቸው።

መጀመሪያ የሚታየው ልዩነት ስለ ሕመም ነው። ነርሷ "ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" ትላለች። ሽማግሌው "ሁለት" ይላሉ። እጃቸው ግን የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ይዟል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ገና በአሥራ ስምንት ዓመታቸው "አትጩህ፣ ጓደኛህን ታስገድላለህ" ተብለው የሠለጠኑ ናቸው። "አሞኛል" ማለት እንደ መሸነፍ ይሰማቸዋል። በጎ ፈቃደኛ መድኃኒት አይሰጥም፤ ግን ከነርሷ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው እሱ ነው። "ሌሊቱን ተኙ?" "ወደ ግራ ሲዞሩ ምን ይሆናሉ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያየውን ለነርሷ ደውሎ መንገር ይችላል። ብዙ ሥቃይ የሚቀንሰው በእንዲህ ያለ ስልክ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ በሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስሙ የገባው በ1980 ነው። ከቬትናም የተመለሰ ወጣት ስም የሌለው በሽታ ይዞ ነው የኖረው። አብዛኛው ሥራ ላይ በመጠመድ አፍኖት ኖረ። አንዳንዱ በመጠጥ። ጡረታ ሲመጣ ጊዜው ሰፋ። በሽታ ሲመጣ ጉልበቱ ደከመ። በመጨረሻው ሳምንት መድኃኒቱና ድካሙ ተደምረው አጥሩን ያፈርሱታል። ሌሊት ይጮሃል። ከአልጋ ወርዶ አልጋው ሥር ለመደበቅ ይሞክራል። ሃምሳ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ "ይሄን ሰው አላውቀውም" ትላለች።

በፍሎሪዳ ቤይ ፓይንስ በሚገኘው የቪኤ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የሆስፒስ ነርስ የነበሩት ዴቦራ ግራስማን ይህን ደጋግመው አስተምረዋል። ስሜትን ማፈን በጦር ሜዳ ሕይወት ያተርፋል፤ በሞት አልጋ ላይ ግን ሰላም ይነሳል። እኔ ይህን ሐሳብ ከሰማሁ በኋላ ብዙ ነገር ገብቶኛል። የእኛም አባቶች "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ተብለው ነው ያደጉት።

ከፍርሃት ሌላ ጸጸት አለ። የተኮሰው፣ ሳይተኩስ የቀረው፣ ጓደኛውን ጥሎ የሮጠው፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ያደረገው። የሕሊና ቁስል ማለት ይህ ነው። ክኒን የለውም። አንድ ቀን፣ ምናልባት ስለ ቤዝቦል እያወራችሁ ሳለ፣ ድንገት "አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች" ብለው ይጀምራሉ።

ያን ጊዜ ምን ይባላል? እኛ አበሾች ቶሎ ማጽናናት እንወዳለን። "ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ታዘው ነው።" በቅንነት የሚባል ነገር ነው። ውጤቱ ግን በሩን መዝጋት ነው። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ይዞት የኖረውን ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያወጣ "ይብቃህ" አልነው ማለት ነው። የተሻለው ዝም ብሎ መቆየት ነው። ፊት ሳይቀይሩ፣ ስልክ ሳይነኩ። ከዚያ "ይሄን ብቻዎን ነው ይዘውት የኖሩት?" ቢባል ይበቃል። ቀጥሎ "ቻፕሊኑን ማነጋገር ይፈልጋሉ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይቅርታ መስጠት የበጎ ፈቃደኛው ሥልጣን አይደለም። መስማት ግን ይችላል። የሰማውን ለሆስፒሱ ቡድን ካልሆነ በስተቀር ለማንም አይናገርም፤ ለሟች ልጆችም ቢሆን።

እንዴት ይገባል፣ የት ይቀመጣል

ሥልጠና ላይ ከሚነገሩት ሁሉ በጣም ቀላልና በጣም የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው። የተኛ ዘማች አይነካም። ትከሻውን ይዞ መቀስቀስ አደጋ አለው፤ ሳያስበው በቡጢ ሊመታ ይችላል። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ በስም መጥራት ነው። ከኋላ አይመጣም። ሲገቡ አንኳኩቶ ስምን መናገር፣ መታየት። ወንበሩን በእሳቸውና በበሩ መካከል አለማስቀመጥ፤ ብዙ ዘማች መውጫውን ማየት ይፈልጋል። ከጣሪያ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ለአንዱ ሄሊኮፕተር ሊሆንበት ይችላል። የጁላይ አራት ርችት ከባድ ሌሊት ነው። ቴሌቪዥኑ የጦርነት ፊልም ላይ ከሆነ መጠየቅ ነው፤ አንዳንዱ ይወደዋል፣ አንዳንዱ የሚቀይርለት ሰው አጥቶ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ለእኛ ብቻ ልጨምር። የኢራቅ ወይም የሶማሊያ ዘማች ከእንቅልፉ ሲነቃ የእኛን ፊት ወይም አነጋገር አይቶ ሊደነግጥ ይችላል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን በዚያች ደቂቃ የሚያየው እናንተን አይደለም። ወደ ኋላ ማለት፣ በቀስታ ስምን መናገር፣ አገሩንና ቀኑን ማስታወስ ነው። ካልተረጋጋ ወጥቶ ለአስተባባሪው መንገር። ሌላ ሰው ይመደባል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም።

"ስላገለገሉ እናመሰግናለን" የሚለው አባባል አሜሪካ ውስጥ እንደ ሰላምታ ሆኗል። አንዳንዱ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ "ምን እንደሠራሁ ብታውቅ አታመሰግነኝም" ብሎ በልቡ ይዘጋል። የቬትናም ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚባባሉት "እንኳን ወደ ቤትህ በሰላም ተመለስህ" ነው፤ በጊዜው ማንም ስላላላቸው። ከሁሉም በፊት ግን መጠየቅ ይቀድማል። "ስለ ውትድርና ዘመንዎ ማውራት ይወዳሉ?" ከወደዱ ማዳመጥ። ካልወደዱ ስለ ዓሣ ማጥመድ ማውራት። ሰው ገድለው እንደሆነ ፈጽሞ አይጠየቅም።

ሴቶቹን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ ሜዳይ ተሰቅሎ "ባልዎ ወታደር ነበሩ?" ተብለው የሚጠየቁ እናቶች አሉ። ወታደሯ እሳቸው ነበሩ። በቬትናም የጦር ሆስፒታሎች ያገለገሉ ነርሶች ያዩትን ብዙ ተዋጊ አላየውም። በሠራዊቱ ውስጥ የተደፈሩም አሉ፤ ሴቶችም ወንዶችም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ታካሚ ወንድ ረዳት ገላዋን እንዲያጥብ ላትፈልግ ትችላለች። ምክንያቱን ሳትጠይቁ ለቡድኑ ማሳወቅ በቂ ነው።

ዊ ኦነር ቬተራንስ ውስጥ ያሉ ሆስፒሶች አጭር ሥነ ሥርዓት ያደርጋሉ። ሌላ የቀድሞ ወታደር መጥቶ ለታካሚው ፒን ያደርግለታል፣ የምስጋና ወረቀት ያነብለታል፣ ሰላምታ ይሰጠዋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አልጋ ላይ ሳምንት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ሰው እጁን ወደ ግንባሩ ለማንሳት ሲታገል ማየት ይከብዳል፣ ያኮራልም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ራሳቸው ወታደር የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ቢሆኑ ይመረጣል። ወታደር ለወታደር የሚለው ነገር አለ፤ ለእኛ የማይለው። በአሜሪካ ሠራዊት ያገለገላችሁ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናችሁ። ይህ ለእናንተ የተዘጋጀ ቦታ ነው።

ወረቀቱ

በጎ ፈቃደኛ ፎርም አይሞላም። ግን ማወቁ አንድን ቤተሰብ ከችግር ሊያወጣ ይችላል፤ ነገሩን ለሶሻል ወርከሯ ሹክ ማለት ይችላልና።

በቪኤ ለተመዘገበ ሰው ሆስፒስ ከመብቶቹ አንዱ ነው። ኮፔይ፣ ማለትም ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ፣ የለውም። ቪኤ በራሱ ማእከል ይሰጣል፣ ወይም ለአካባቢው ሆስፒስ ይከፍላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። በሜዲኬር ሆስፒስ የገባ አዋቂ ያንን በሽታ ለማዳን የሚደረገውን ሕክምና መተው አለበት። በቪኤ በኩል ግን ኬሞ ወይም ጨረር እየወሰደ ሆስፒስ ማግኘት ይችላል። "ተስፋ መቁረጥ ነው" ብሎ ለሚፈራ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ የበሽታው ምክንያት አለ። የአሜሪካ ጦር ከ1962 እስከ 1971 በቬትናም ጫካ ላይ ኤጀንት ኦሬንጅንና መሰል የተክል ማጥፊያ መርዞችን ረጭቷል። እዚያ ላገለገለ ሰው የፕሮስቴትና የሳንባ ካንሰር፣ ፓርኪንሰን፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ የልብ ደም ሥር ጥበት፣ ሌሎችም በሽታዎች ከአገልግሎቱ የመጡ ናቸው ተብለው ይወሰዳሉ። ማስረጃ ቁጠር አይባልም። በ2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለ ሕግ ደም ግፊትን ጨመረ፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ የተነፈሱትንም አካተተ። ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን የሚገድል በሽታ) የያዘው ወታደር ደግሞ ቢያንስ 90 ተከታታይ ቀን ካገለገለ የትም ይሁን የት ይሸፈናል።

ይህ ለሚስት ምን ይጠቅማል? ባሏ የሞተው ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ በሽታ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። ለዚያ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያ በሽታ በስሙ ቢጻፍ በጣም ይረዳል። "ልቡ ቆመ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሚስት ለዓመታት ትከራከራለች። ማመልከቻው በሕይወት እያለ ቢገባ ይሻላል። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ቪኤ ጉዳዩን ቅድሚያ ሰጥቶ ያያል።

ዋናው ሰነድ ዲዲ 214 ይባላል፤ የስንብት ወረቀቱ ነው። ቤተሰብ ከቀብር በፊት ይህን ወረቀት ለማግኘት መሳቢያ ሲያተራምስ ያድራል። በብሔራዊ የወታደሮች መቃብር ቦታ በነፃ ለማግኘት፣ የመቃብር ድንጋይ ለማሠራት፣ ሬሳ ሣጥኑ ላይ የሚለብሰውን ባንዲራ ለመውሰድ፣ ቢያንስ ሁለት ወታደሮች መጥተው ባንዲራውን አጥፈው ለቤተሰብ እንዲሰጡ ይህ ወረቀት ያስፈልጋል። ሚስትም ከባሏ ጋር እዚያው ልትቀበር ትችላለች። ወረቀቱ ከጠፋ ከመዝገብ ቤት ይጠየቃል። ግን በ1973 ሴንት ልዊስ ያለው መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች ወድመዋል። የብዙ የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የኮሪያ ዘማቾች ፋይል እዚያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ፍለጋው በጊዜ ይጀመር።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ሰውየው መብላት ያቆማል። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ይህ ነው። እናት "አንድ ጉርሻ ብቻ" እያለች ታለቅሳለች። ሰውነቱ ግን እየዘጋ ነው፤ ምግቡን አይፈልገውም፣ በግድ ቢሰጠው ሊያንቀው ይችላል። የሚሞተው ስላልበላ አይደለም። ስለሚሞት ነው የማይበላው። እንቅልፉ ይበዛል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ጉሮሮው ይንኳረራል። ይህ ድምፅ ለሚሰማው ሰው ያስፈራል፤ ለታካሚው ያን ያህል አያስጨንቀውም ይላሉ ነርሶች። መስማቱ እስከ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ ሆኖ ስለ ውርስ መከራከር ተገቢ አይደለም።

ስለ ሞርፊንም ልበል። "ሞርፊን ከጀመሩለት አለቀለት" የሚል ፍርሃት አለ። በትክክል ተለክቶ የሚሰጥ ሞርፊን ሥቃይንና የትንፋሽ ማጠርን ያቀላል። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚሞተው መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ስለሆነ ነው ሁለቱ የሚያያዙት።

ቤተሰብ የሌለው ዘማችም አለ። ከሚስቱ የተፋታ፣ ከልጆቹ የተቆራረጠ፣ መንገድ ላይ የኖረ። በ2001 ሳንድራ ክላርክ የተባሉ ነርስ ኦሪጎን ውስጥ፣ ዩጂን ከተማ፣ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይሞት የሚል የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ጀመሩ። በጎ ፈቃደኞች በየተራ አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች አለ። የቪኤ ሆስፒታሎችም ለወታደሮች የሚያደርጉት አላቸው። በአንዳንድ የቪኤ ማእከሎች አስከሬኑ በባንዲራ ተሸፍኖ ሲወጣ ሠራተኞች በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቆመው ይሸኙታል።

ከሞት በኋላ ሆስፒሱ ቤተሰቡን እስከ አንድ ዓመት ይከታተላል። አሜሪካውያን ሐዘናቸውን በግል ይይዛሉ። ለቅሶ ቤት የለም፣ ድንኳን የለም፣ ሠልስት የለም። በጎ ፈቃደኛው በሦስተኛው ወር ስልክ ቢደውል የሚያነሳው ሰው ምን ያህል ብቸኛ እንደነበረ ያኔ ይገባል። በዚህ ነገር እኛ ከማንም የበለጠ እናውቅበታለን።

የእኛም ወታደሮች

ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቷል። ከመቶ ሃያ በላይ ወታደሮች ሞቱ፣ ከአምስት መቶ በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። በሕይወት ያሉት ዛሬ እጅግ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ከደርግ ጋር የተበተነው ሠራዊት ደግሞ ገና አለ። ብዙዎቹ ዛሬ በልጆቻቸው ግብዣ አሜሪካ የገቡ አያቶች ናቸው። ስለ ናቅፋ ወይም ስለ ኦጋዴን ለልጅ ልጆቻቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቪኤ አይመለከታቸውም። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ካላቸው ግን ሆስፒስ ማግኘት ይችላሉ፤ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ፣ አቀራረቡም ዝምታውም፣ ለእነሱም ይሠራል። አገር ቤትም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ታካሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አማርኛ የሚናገር ታካሚ ካለ እናንተን አስተርጉሙ ማለታቸው አይቀርም። ለሰላምታና ለጨዋታ ደግ ነው። ስለ መድኃኒትና ስለ ውሳኔ ሲሆን ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ በስልክ ይገኛል።

መጀመር ቀላል ነው። አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒስ ደውሎ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪውን ማነጋገር ነው። ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ የወንጀል መዝገብ ይታያል፣ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል፣ ሥልጠና ይሰጣል። የሳምንት ሁለት ሰዓት በቂ ነው። መድኃኒት አትሰጡም፣ ገንዘብ አትነኩም፣ ኑዛዜ ላይ ምስክር ሆናችሁ አትፈርሙም፣ ስጦታ አትቀበሉም። ሃይማኖት አትሰብኩም። ታካሚው ራሱ ጸሎት ቢጠይቅ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ዓመት የቅርብ ሰው የቀበራችሁ ከሆነ ብዙ ሆስፒሶች አንድ ዓመት ያህል እንድትቆዩ ይጠይቃሉ፤ ደግ አድርገዋል። ማመልከቻው ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁን ጻፉ። ከዘማቾች ጋር መመደብ እንደምትፈልጉም መጀመሪያውኑ ንገሯቸው። ወታደር ከነበራችሁ ደግሞ የት ክፍል፣ በየትኛው ዓመት እንዳገለገላችሁ ጨምሩ፤ አስተባባሪው የሚያገናኛችሁ በዚያ ነው።